የአህያዋ ግንባር ላይ ያነበብኩት

ለሜሳ ቀለም ከሱቅ አይገዛም ነበር። ቀይ ሲፈልግ ከገርጂ በታች ካለው ቁልቁለት አፈር ቆፍሮ ያመጣል፣ ይወቅጣል፣ በወንፊት ይነፋል። ቢጫውን ከሽንኩርት ልጣጭ ቀቅሎ፣ ሮዙን ከቀይ ሥር ጨምቆ፣ ጥቁሩን ከከሰል ደቁሶ ያወጣዋል። የዶሮ ላባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ያለቀ የጥርስ ብሩሽ፣ በቀለም የተነከረ ክር፣ ሁሉም ለእሱ መሣያ ነው። የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ልጆች እስከ ክርናቸው ቀልተው ወደ ቤት ሲመለሱ እናቶቻቸው ይጮኹበታል። እሱም "ውሃ ያስለቅቀዋል፣ እመቤቶቼ" ይላል። ከዚያ በላይ አይከራከርም።

ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። መልካሙን ጽፌ ጽፌ እኔ ያደረግኩት ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አሁን ግን እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ።

ለሜሳ ወንዙ ማዶ ካሉት የገበሬ መንደሮች የአንዱ ልጅ ነው። እናቱ ጫልቱ ይባላሉ። ክረምት ሲወጣ የቤታቸውን ግድግዳ በእበትና በነጭ አፈር ሲለቀልቁ፣ ገና ሳይደርቅ እሱ በጣቱ ወፍ፣ በሬ፣ ፀሐይ ይሥልበት ነበር። "ሌላ እናት ብትሆን ትገርፈኝ ነበር" ብሎ አጫውቶኛል። "የእኔዋ ግን 'ከታች ከታች ሣል፣ ላይ ላዩን እንግዳ ያየዋል' አለችኝ።" ካደገ በኋላ ሥዕል ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያህል ገብቶ ተማረ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ አቋረጠ። ቀበሌው የቀጠረው መፈክር እንዲጽፍ ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ ነጭ ፊደል። በበዓል ሰሞን በቦሌ መንገድ ላይ ይሰቀሉ ከነበሩት ብዙዎቹ የእሱ እጅ ናቸው። አንድ ቀን የቀበሌውን ሊቀመንበር ዓለምሰገድን "ፊደል ብቻ ስጽፍ እጄ ማኅተም ሆነብኝ፤ ትንሽ ከልጆቹ ጋር ልሥራ" ብሎ ለመነው። ዓለምሰገድ ክፉ ሰው አልነበረም። ረቡዕና ቅዳሜ ተፈቀደለት።

መዋዕለ ሕፃናቱ የነበረው ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ለሜሳ የደረሰው የመኪና ጋራዡ ነበር። ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ ነበረበት። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን አስቀመጠና "ይህ ጠብታ ምን ይመስላል?" ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ዝሆን አለ፣ ሌላው ጉበት አለ። ከሰል ሰጥቷቸው ዝሆኑን እግር፣ ጉበቱን ዓይን አወጡለት። ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ።

ይህን የማውቀው ደጃፉ ላይ እቀመጥ ስለነበር ነው። ልጄ ገብረየስ አየር መንገድ መካኒክ ነው፣ ሚስቱም ቢሮ ትውላለች። የልጃቸውን የተናኜን ነገር ለእኔ ትተውልኛል። ተናኜ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ነጠላዬ ውስጥ ገብታ የምትደበቅ፣ ሰው ሲያያት የምታለቅስ ልጅ ነበረች። ትቻት ከሄድኩ ስለምትጮህ በርጩማ ይዤ ጋራዡ ደጃፍ ላይ እውላለሁ።

አንድ ረቡዕ ለሜሳ ወደ እኔ ወጣ አለና፣ "እማማ የሺመቤት፣ ጧፍ አለዎት?" አለኝ።

"ምን ልትሠራበት? ጓዶቹ ሰምተው ጸሎት ቤት ከፈተ እንዲሉህ ነው?"

"አላበራውም። ቁራጭ ይበቃኛል።"

ከመድኃኔዓለም ተቃጥለው የተረፉ ቁራጮች ለቅሜ አመጣሁለት። ለተናኜ አንዱን ሰጣትና ነጭ ወረቀት ላይ የወደደችውን እንድትሥል ነገራት። ሣለች፣ ሣለች፣ ወረቀቱ ግን እንደነጣ ነው።

"ምንም የለም" አለች በለሆሳስ።

"አለ። ተደብቆ ነው። እንደ አንቺ።"

ከዚያ ቀዩን የአፈር ውሃ በላባ ከላይ እስከ ታች ለቀለቀበት። ሰሙ ያለበት ቦታ ውሃውን እምቢ አለ። ከቀዩ ውስጥ አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ነጭ ሆና ብቅ አለች። ተናኜ ብድግ ብላ "አያቴ! እዚያው ነበረች!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ሰማት። ድምፅዋ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ነጠላዬ ውስጥ አልገባችም።

በዚያው ዓመት እኔም ፊደል ቆጠርኩ። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ የምታስተምረንም የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ስድሳ ዓመቴን አልፌ ነው። የምስክር ወረቀቴን ዓለምሰገድ ራሱ በጭብጨባ መካከል ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ማንበብ ሆነ ሥራዬ። የክብሪት ቀፎ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የአውቶቡስ ግንባር፣ ሁሉንም አነባለሁ። ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ግን አላውቅበትም። ጣቢያው ውስጥ ሁላችንም አብረን እየጮህን ስለተማርን ፊደል ሳይ አፌ ቀድሞ ይከፈታል። ለሜሳ ይስቅብኝ ነበር።

"እማማ፣ ይቺ ቆርኪ ምን ትላለች?"

"አትቀልድ። ቢ-ራ ትላለች።"

"አሁን ይጠጧታል ወይስ ብቻ ያነቧታል?"

"ጥፋ ከፊቴ!" እለዋለሁ። ልቤ ግን ደስ ይለዋል። ቤት ውስጥ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ልጆቹ አንድ ነገር እንዲያሳዩ ታዘዘ። ለሜሳ የሥራ እንስሳት ሰልፍ ይሁን አለ። በሬ፣ ፈረስ፣ ዶሮ፣ አህያ። ጭምብሎቹን ልጆቹ ራሳቸው ይሠሯቸዋል። ከውይይት ክበቡ ያረጁ ጋዜጦች ለምኖ አመጣ። ልጆቹ በደስታ ቀደዷቸው። ወረቀት ቅደዱ የሚል አስተማሪ ሌላ የት አለ? ቁራጮቹን በዱቄት ሙጫ እየነከሩ በተነፋ ፊኛ ላይ ደራርበው ለጠፉ፣ ሲደርቅ ፊኛውን ቧ አድርገው አፈነዱት፣ ባዶ ቅሉ ላይ ጆሮና አፍንጫ ቀጠሉ። ተናኜ አህያ ሠራች። ጆሮዎቿን አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር አድርጋ "ይሄኛው ሰምቶ ደክሞት ነው" አለች። በላዩ ላይ ኖራና አመድ በውሃ በጥብጠው ቀቡት። ለሜሳ ዝናብ እንዳይጎዳቸው የሁሉንም ግንባር በሰም እየቀባ ነበር፤ አህያዋ ላይ ሲደርስ ያመጣሁለት ጧፍ አለቀበት። "መስከረም ጠብቷል፣ አይዘንብም" አልኩት።

በበዓሉ ቀን የቪላው ግቢ በሰው ሞላ። ፊት ለፊት ዓለምሰገድና ከቀበሌው በላይ ካለው ከፍተኛ የመጡ እንግዶች ተቀመጡ። እኔ የምስክር ወረቀት ያለኝ እናት ስለሆንኩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ተሰጠኝ። ልጆቹ እየዘፈኑ ሲወጡ ካፊያ ጀመረ። ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። በሬው አለፈ፣ ፈረሱ አለፈ። ተናኜ ጋ ሲደርስ የአህያዋ ማሰሪያ ላላባትና ሰልፉን ትታ ወደ እኔ ሮጠች። "አያቴ፣ እሰሪልኝ!" አለችኝ።

ጎንበስ ስል ዝናቡ ከአህያዋ ግንባር ላይ ኖራውን አጥቦ ጋዜጣው ወጥቶ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ትልልቅ ፊደል። አፌ ተከፈተ። እንደ ጣቢያው፣ ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፦

"የ-ማ-ዕ-ከ-ላ-ዊ ኮ-ሚ-ቴ አ-ባ-ላ-ት!"

ጎረቤቴ ዘርፌ ሳቋን መያዝ የማትችል ሴት ናት። ፍርስ አለች። ከኋላዋ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። እኔም አነበበች ብለው የሳቁልኝ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ። ቀና ስል ከፊት ረድፍ ካኪ የለበሰው እንግዳ ዞሮ አህያዋን እያያት ነበር። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ለሜሳ ከሰልፉ መካከል ወጥቶ መጣና ጭምብሉን ቀስ ብሎ ከተናኜ ራስ ላይ አወለቀው። ውሃ በርሜሉ ውስጥ ነክሮ እስኪሟሟ ድረስ በእጁ ሲያሸው አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ። ለሜሳ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ታስሮ ነበር። ስገባ በመስኮቱ አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገልኝ። ውስጥ ዓለምሰገድና ያ ካኪ የለበሰው ሰው ተቀምጠዋል።

"ይቀመጡ እማማ" አለኝ ዓለምሰገድ። "ትናንት ዝናብም ነበር፣ ግርግርም ነበር። ጭምብሉ አሁን የለም። ምን እንዳነበቡ ለጓድ ይንገሩልን። እርግጠኛ ካልሆኑም እርግጠኛ አይደለሁም ይበሉ።"

ካኪ የለበሰው ሰው ፈገግ አለ። "ለሜሳ እንደሚለው ከሆነ እናታችን ማንበብ አይችሉም። ግድግዳ ላይ የለመዱትን መፈክር ነው በቃላቸው የሚሉት። ጭምብሉ ላይ ምንም አልነበረም ይላል።"

"ማንን ነው ማንበብ አይችሉም ያለው? እኔን?"

"ዕድሜም አለ፣ ዓይንም ይደክማል…" አለ ዓለምሰገድ ቶሎ ብሎ።

ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ዓይኑ በሩን እያሳየኝ ነበር። ለሜሳም በሩን ከፍቶልኝ ነው የጠበቀኝ። "አዎ ልጆቼ፣ አሮጊት ነኝ፣ ምኑን አውቄው" ብል ማን ይቀየመኛል? ነገሩ ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳልጽፍ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየሁት። ገብቶኛል። ግን ስድሳ ዓመት በአውራ ጣት እየፈረምኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የደስታዬ ሁሉ ምስክር የነበረው ለሜሳ አታነብም ማለቱ አንገበገበኝ።

"የምስክር ወረቀት አለኝ!" አልኩ። "አንተ አይደለህም ወይ ዓለምሰገድ፣ በእጅህ የሰጠኸኝ?"

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ነበር። አነሣሁትና ስለ በቆሎ ምርት የሚያወራውን ሦስት መስመር ሳልደናቀፍ አነበብኩላቸው። ዓለምሰገድ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

"ጎበዝ" አለ ካኪ የለበሰው ሰው። "የአህያዋስ?"

"የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ነው የሚለው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ፊደል በፊደል።"

ቃሌ ተጻፈ። የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ሲገፋልኝ መለስኩለት። "እስክሪብቶ ስጠኝ" አልኩ። የሺመቤት ወልደሰንበት ብዬ ፈረምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቴን ሳልነክር ስሜን ወረቀት ላይ አኖርኩ። "ሺ" አማረችልኝ ብዬ አስቤያለሁ። ያን ያህል ነበር ደስታዬ።

ደስታው ጋራዡ ጋ እስክደርስ ቆየልኝ። በሩ ክፍት ነበር። የልጆቹ ወረቀቶች ገመድ ላይ እንደተሰጡ ነበሩ፣ ከእነሱም መካከል ያቺ ነጭ ዶሮ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጽሕፈት ቤቱ ከዚያ መቶ እርምጃ አይሆንም። ተመልሼ "ተሳስቻለሁ" ማለት እችል ነበር። የገብረየስን ሥራ አሰብኩ፣ ልጅቷን አሰብኩ፣ ሰበብ አላጣሁም። ተነሥቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ማታ በእራት ሰዓት ገብረየስ "እማዬ፣ ምን አልሻቸው?" አለኝ።

"እውነቱን።"

ከዚህ በላይ አልጠየቀኝም። ተናኜ ግን ጉርሻዋን ይዛ ቆየችና፣ "አያቴ፣ ጋሼን ያሳሰረችው የእኔ አህያ ናት?" አለች።

"አይደለችም" አልኳት።

"ታዲያ ማን ነው?"

"ብዪ፣ ይበርዳል።"

ለሜሳን ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ስምንት ወር ያህል ቆየ። ጋራዡ የኅብረት ሱቁ መጋዘን ሆነ፣ ሳሙናና ስኳር ተከመረበት። ሌላ አስተማሪ መጥታ ልጆቹን ቀለም ሳይሆን በማስመሪያ መስመር ማስመር አስተማረቻቸው። ተናኜ ከሰል አልነካ አለች። ወረቀት ሲሰጧት እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች። አንድ ቀን አልጋዋ ሥር ስጠርግ የደረቀ የሙጫ ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ ደብቃው አገኘሁ። የማን ነው ስላት "እንዳይፈትሹን" አለችኝ።

ለሜሳ የተፈታው ከፋሲካ በኋላ ነው። መንጥቶ፣ አንገቱ ቀጥኖ። መፈክሩም ልጆቹም ቀርተውበታል፤ የቤት ቁጥር በየበሩ እየዞረ ይጽፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣

"እማማ፣ በእኔ ምክንያት ቢሮ ለቢሮ አንከራተቱዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ። አሁን ተናገሪ። ፊቴን ቀና ብሎ ያየኛል፣ ይጠብቃል። እኔ ትከሻውን ይዤ አነሣሁትና "እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ" አልኩት። ይቅር አልኩት! እኔ፣ እሱን። "አሜን" አለና የቀለም ጣሳውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያም ዓመት አለፈ። የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተናኜ ጋር ከገበያ ስንመለስ ለሜሳ በአንድ በር ላይ ቁጥር ሲጽፍ አየነው። ተናኜ እንዳየችው እጄን ለቅቃ ወደ ሌላ መንገድ ሮጠች። ቤት ስደርስ ከበሩ ኋላ ተቀምጣ ነበር። "ሰም ያልተቀባችው የእኔ አህያ ብቻ ናት" አለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ይህን ይዛ ነው የኖረችው። እዚያ ላይ ቁርጥ አደረግኩ።

በማግስቱ በድልድዩ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ለሜሳ መንደር ሄድኩ። ጫልቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እህል ይለቅማሉ፣ ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ግን አልተነሡልኝም። ለሜሳ ከቤቱ ጀርባ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ጭቃና ገለባ እያስረገጠ ነበር። ልጆቹ እግራቸውን አንሥተው የረገጡበትን ያያሉ፣ ጣት በጣት ይቆጥራሉ፣ ከዚያ እግር ዱካው ውስጥ የአበባ ቅጠል ይተክላሉ። ሲያየኝ እጁን በገለባ ጠረገና ወደ እኔ መጣ።

"ለሜሳ፣ የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ…"

"አውቃለሁ እማማ።"

"ምኑን?"

"ፊርማዎን አሳይተውኛል። መጀመሪያ ቀን ነው ያሳዩኝ። ጥሩ ይጽፋሉ።"

"ታዲያ ቤቴ መጥተህ ይቅርታ ያልከኝ…?"

"እርስዎ እንዲሉኝ ነበር የመጣሁት።" ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ማልቀስ አሳፈረኝና አላለቀስኩም። የተናኜን ነገር ነገርኩት፣ አህያዋ እንዳሳሰረችህ ታስባለች አልኩት። ይህን አያውቅም ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ቅዳሜ ይላኩልኝ" አለ። "እኔ እነግራታለሁ።"

"ምን ብለህ?"

አሰበ። "ዝናቡ ነው እላታለሁ።" ቀጥሎም ወደ እናቱ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርስዎ ግን ከድልድዩ ወዲህ አይሻገሩ፣ እማማ። እናቴ ታውቃለች። እኔም… ልጅቷን ብቻ ይላኩልኝ።"

እንዳለኝ አደረግኩ። ቅዳሜ ድልድዩ ድረስ ወሰድኳት፣ ወዲያ ማዶ ለሜሳ ቆሞ ጠበቃት። መጀመሪያ ቆመች፣ ወደ ኋላ አየችኝ፣ ከዚያ ሄደች። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ መጣች፤ እስከ ክርኗ ቀልታ።

"አያቴ! ጋሼ ዝናቡ ነው አለኝ። አህያዋ ምንም አላደረገችም አለኝ።"

"አዎ" አልኳት። "ዝናቡ ነው።"

አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩ ጋ ተቀምጬ ጠበቅኳት። የልጆቹ ሳቅ ይሰማኛል፣ የሚሠሩትን ግን አላይም። ስትመለስ በአሸዋ የሠራችውን፣ በእበት ያተመችውን፣ በእንቁላል ቅርፊት የለጠፈችውን ታሳየኛለች፤ ለሜሳ ከማዶ ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፣ እኔም እነቀንቃለሁ። ከዚያ የቀረበ አልተገናኘንም።

አሁን ተናኜ ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ይህን ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጥላታለሁ። ከግድግዳው ካወረድኩት ቆይቷል። ልጄ፣ ጋሼ ለሜሳ የነገረሽ ለአንቺ አዝኖ ነው። ዝናቡ ያጠበው ኖራውን ብቻ ነው። የቀረውን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄም ፈርሜበታለሁ።